ወርቅ ሲንሳፈፍ

አንድ ሰው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ሲያስተምር ኖረና ጡረታ ወጣ። ጡረታ ወጣና ቤት ዋለ።

እስቲ ጡረተኛ ባል ያላችሁ እናቶች እጃችሁን አውጡ። አየሁ፣ አየሁ። እንግዲያው የቀረውን እናንተ ብትነግሩን ይሻል ነበር። ሰውየው በመጀመሪያው ሳምንት የቤቱን ወንበሮች አዟዟረ። በሁለተኛው ሳምንት የቅመም ጣሳዎቹን በፊደል ተራ ደረደረ። በሦስተኛው ሳምንት ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሞ ቢላዋ እንዴት እንደሚያዝ ያስረዳት ጀመር። ሚስትየዋ ቢላዋውን አስቀመጠችና፣ «ስማኝ፣ ወይ አንተ አንድ የምትውልበት ነገር ፈልግ፣ ወይ እኔ የምውልበት አገር እፈልጋለሁ» አለችው።

ፈለገ፤ አገኘም። የከተማዋን ስም አልነግራችሁም፤ ዘመዶቻቸው እዚህ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። በምዕራብ በኩል ያለች ትንሽ ከተማ ናት እንበል፣ በዳርቻዋ ወርቅ የሚታጠብበት ወንዝ ያልፋል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል ሰው ሁሉ ገበቴውን ይዞ ይወርዳል። ገበቴ ስላችሁ ያንኑ ከእንጨት የተፈለፈለውን ሰፊ ሳህን ነው። አሸዋና ጠጠሩን ይዘግናሉ፣ ውሃ ይጨምሩበታል፣ እያዞሩ ያወዛውዙታል። ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር በጠርዙ ይፈሳል፣ ከባዱ ከታች ይቀራል። ከታች የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ነው፤ ከጥቁሩ አሸዋ መካከል፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ብልጭ ትላለች።

ለአብዛኛው ሰው ይህ እንጀራው ነው። ለመምህሩ ግን መዝናኛ ነበር። ጡረታው ይበቃዋል፤ ሀብት አላማረውም። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱ ካጠበው አሸዋ ውስጥ አንዲት የወርቅ ፍሬ በዓይኑ ማየት። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ይጫወታል፣ ሌላው ዓሣ ያጠምዳል፤ እሱ ማክሰኞና ቅዳሜ ወርቅ ያጥባል። ይህ ምን ክፋት አለው? ምንም።

ታዲያ የተማረ ሰው ነውና ገበቴ አልያዘም። ብየዳ ቤት ሄዶ ከላሜራ ሳህን አሠራ። ንድፉን ራሱ ሳለ፤ የጠርዙ ዝንባሌ ይህን ያህል ይሁን፣ የመሐሉ ጥልቀት ይህን ያህል ይሁን እያለ በያጁን አሰለቸው። ሳህኑ ሲያልቅ ያምር ነበር። ቤት አምጥቶ ሚስቱን «ንኪው እስቲ» አላት። ነካችው። «ጥሩ ነው» አለችው። ምን ትበለው? ከወንዝ በተመለሰ ቁጥር ያደርቀዋል፣ በጨርቅ ይወለውለዋል፣ እንዳይዝግበትም ከሚስቱ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጎ ዙሪያውን ይቀባዋል፤ ከዚያ በፎጣ ጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ያስቀምጠዋል። ልጆቹ እንኳ እንዲህ አልተያዙም።

ከኅዳር እስከ የካቲት አጠበ። ስንት አገኘ? አንድም። አራት ወር ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አንድም ፍሬ አላየም።

ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ወንዙ ታጥፎ ውሃው የሚተኛበት ቦታ አለ። እዚያ አንጓች የምትባል ሴት ትሠራለች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ሴት ልጆቿን በዚያው ወንዝ የምታሳድግ ናት። እሷ ታገኛለች። ወንዙ ያው፣ ውሃው ያው፣ ፀሐዩ ያው። እሱ ከላይ ጥቁር አሸዋ ላይ ሲያፈጥ እሷ ከታች በላባ ጫፍ ወርቅ እያነሳች ብልቃጥ ውስጥ ታስገባለች። ብዙ አይደለም፤ ግን ባዶዋን የገባችበት ቀን ጥቂት ነው።

ለምን? እናንተስ ብትሆኑ አትጠይቁም?

መምህሩ ጠየቀ። ደግሞ የጠየቀው እንደ መምህር ነው፤ በተራ፣ አንድ በአንድ። «ሰዓቱ ይሆን?» አለና ጎህ ሲቀድ ወረደ። የለም። «ጥልቀቱ ይሆን?» አለና እስከ ጉልበቱ ቆፈረ። የለም። «ቦታው ይሆን?» አለ። አንድ ማክሰኞ አንጓች ገበያ ወጥታ ሳትመጣ ቀረች፤ እሱ ሄዶ ቦታዋ ላይ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ አጠበ። የለም! ቅዳሜ እሷ ተመልሳ እዚያው ተቀመጠች፣ እሱም ወደ ላይ ወደ ቦታው ወጣ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሦስት ፍሬ አነሳች።

ልብ በሉ፤ ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ሰዓቱን መርምሯል፣ ጥልቀቱን መርምሯል፣ ቦታውን መርምሯል። ያልመረመረው አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሴትየዋን ራሷን ከሩቅ ይመለከታት ጀመር። ሦስት ነገር አየ። አንደኛ፣ አንጓች እንደ ሌላው ሰው አሸዋ ብቻ አትዘግንም፤ ውሃው የተኛበት ጥግ የተሰበሰበውን አረፋ ጭምር እየቀዳች ገበቴዋ ላይ ትገለብጣለች። አረፋ ምን ያደርግላታል? ሁለተኛ፣ ከመቀነቷ አንዲት የተቋጠረች ጨርቅ ትፈታና በሁለት ጣቷ ዱቄት የመሰለ ነገር ቆንጥራ ገበቴው ላይ ትነሰንሳለች። ሦስተኛ፣ ይህን ስታደርግ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ሐሙስ ዕለት ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ የቆመ ሰው በወፍጮው ጩኸት ላይ፣ «ቲቸር! ወርቁስ እንዴት ነው?» አለው። ሰውየው ለሰላምታ ያህል ነው። አራት ወር ባዶ እጁን ለሚመለስ ሰው ግን ይህ ጥያቄ ያማል። መምህሩ አፈረ፤ ሲያፍርም እንዲህ አለ፤ «እኔ ምን አገኛለሁ? የምታገኘው አንጓች ናት። ከጨርቅ የምትፈታው ዱቄት አላት፤ እሱን ትነሰንሳለች፣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሴትየዋ አንድ ነገር ታውቃለች።»

ታውቃለች!

ይህ ቃል በእኛ አፍ ሁለት ፊት እንዳለው እናንተ አጥታችሁት አይደለም። ተማሪው ሒሳብ ያውቃል፤ ሐኪሙ መድኃኒት ያውቃል። «አዋቂ ቤት ሄደች» ሲባል ግን ሒሳብ ልትማር እንዳልሄደች ሁላችንም ይገባናል።

ያ ሰው ፊቱን አስጠጋ። «ማለት… ታውቃለች?» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መምህሩ እዚህ ላይ ምን ማለት ነበረበት? «ኧረ አይደለም፣ ዘዴ ታውቃለች ማለቴ ነው» ማለት ነበረበት። ስድስት ቃል ነው፤ ቁጠሩት። አላለም። ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ምን አውቄ» አለ፤ እህሉንም አስፈጭቶ ዱቄቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ይህ ትከሻ የሚባል ነገር ስንት ሰው አጥፍቷል! ምላስ የተናገረውን ትጠየቅበታለች። ትከሻን ማን ይጠይቀዋል? ስለ ጎረቤታችሁ ክፉ ነገር ሲነገር «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ማለት ሲገባችሁ ስንቴ ነቅንቃችሁታል? እኔ ስንቴ እንደነቀነቅሁት ብነግራችሁ ከዚህ መድረክ ታወርዱኛላችሁ።

ወሬው ከወፍጮ ቤት ወጣ። ሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ላሟ የነጠፈችው አንጓች ስላየቻት መሆኑን ለጎረቤቶቿ ተናገረች። ማክሰኞ ዕለት ወንዝ ዳር ከአንጓች ጋር አብረው ይሠሩ የነበሩት ሴቶች ዕቃቸውን እያነሱ ራቅ አሉ፤ መምህሩ ይህን ከላይ ሆኖ አየ፤ አይቶም አቀርቅሮ ሳህኑን አዞረ። ረቡዕ ጠዋት አንጓች ስትወርድ ከቋጥኝ ሥር ያሳደረችው ገበቴዋ በመጥረቢያ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘችው።

ሐሙስ ደግሞ አያ ፈንታሁን መምህሩ ቤት መጡ። አያ ፈንታሁን የወንዙ ሽማግሌ ናቸው፤ ወርቅ አጣቢው በቦታ ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«ቲቸር፣ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ ዋርካው ሥር እንቀመጣለን» አሉት። «ሰው ተቆጥቷል። አዋቂ ከወንዛችን ትውጣ እያለ ነው። እኔ ደግሞ ያየ ሳይናገር ሰው አላስወጣም። ያየው ማነው ብል ሁሉም ያንተን ስም ጠራ። የተማረ ይግደለኝ ይባል የለ? አንተ ካየህ እኔ ይበቃኛል።»

ሽማግሌው ሲወጡ ሚስቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉን ሰምታለች። «ያየኸው ምንድን ነው?» አለችው።

«ጨርቅ አላት። ዱቄት አላት።»

«ምን ዱቄት?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም!» አለች ሚስቱ። «ሳይገሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ አሉ። ይቺ ሴት ከዚያ ወንዝ ከተነሳች ልጆቿን ምን ልታበላ ነው? ሳታውቅ አትፍረድ ስትል ነው እኮ ዕድሜህን የጨረስከው።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳህኑን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። አንጓች ብቻዋን ነበረች። ገበቴዋ ስለተሰበረ በተዋሰችው የልብስ ሳፋ ታጥባለች። አልተነሳችለትም።

«ነገ የሚመሰክሩትን አይተው ሊጨርሱ መጡ?» አለችው። «የተማረ ይግደለኝ ሲባል እሰማ ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር።»

መምህሩ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «አንጓች፣ ያ ዱቄት ምንድን ነው?» አላት።

«ይኸንን ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ቢጠይቁኝ ኖሮ ገበቴዬ አይሰነጠቅም ነበር» አለች። ጨርቋን ከመቀነቷ ፈትታ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። «ይኸው፤ ያሽትቱት።»

የሳይንስ ሰው አይደል? ሳበው። ወዲያው አስነጠሰ። እንግዲህ በአገራችን ሰው ሲያስነጥስ ጠላትም ቢሆን ዝም አይባልም። «ይማርዎ» አለች አንጓች፣ ጥርሷን ነክሳ። ደገመ። «ይማርዎ።» ሠለሰ፣ መነጽሩ ወደቀ። «ይማርዎ! ኧረ ይማርዎ!» አለችና ሳቋ አመለጣት። ተናዳ ነው የሳቀችው፤ ግን ሳቀች።

«እንዶድ ነው» አለችው። «እናቴ ነጠላ ታጥብበት የነበረ እንዶድ። ደርቆ ተወቅጦ።»

«ከንፈርሽ የሚንቀሳቀሰውስ?»

«ስሠራ አንጎራጉራለሁ። ነውር ነው?»

«አይደለም» አለ መምህሩ። «ግን እንዶድ ለወርቅ ምን ያደርጋል?»

«ዘይት ያጠፋል።»

«ወንዝ ውስጥ ምን ዘይት አለ?»

አንጓች አየችው። ሳህኑን አየች። እንደገና እሱን አየችው። «እስቲ ይጠቡ» አለችው።

መምህሩ አሸዋ ዘገነ፣ ውሃ ጨመረ፣ እንደ ልማዱ ማዞር ጀመረ። ጥቁሩ አሸዋ ብቻ ሲቀር፣ «ይቁሙ» አለችው። «ምን ይታይዎታል?»

«ምንም።»

«ከላይ አይዩት፤ ከጎን ይዩት። ጎንበስ ይበሉ። ውሃው ላይ ነው እንጂ ውሃው ውስጥ አይደለም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሞ ያስተማረ ሰው ጎንበስ አለ። ጉንጩ ሳህኑን ሊነካ ደረሰ። መጀመሪያ ያየው ቀለም ነው፤ መንገድ ላይ ነዳጅ የፈሰሰበት ውሃ የሚያሳየውን ዓይነት ቀለም። ቀጥሎ ያየውን ማመን አቃተው። በዚያ ቀለም ላይ አምስት ስድስት የሚሆኑ ቢጫ ነጥቦች ተንሳፍፈው ይዞራሉ። ሁለቱ እያየ በጠርዙ በኩል አልፈው ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ወደ አንጓች ጥግ፣ አረፋው ወደሚሰበሰብበት።

«አይሆንም!» አለ። «ወርቅ ከውሃ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ ይከብዳል! ወርቅ አይንሳፈፍም!»

«እንግዲያ ለሱ ይንገሩት» አለችው አንጓች፣ ወርቁን በጣቷ እያሳየችው።

እናንተም ማመን አቅቷችኋል፤ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። ቤት ስትገቡ ሞክሩት። የልብስ መርፌ በጸጉር ቅባት እሹና በብርጭቆ ውሃ ላይ ቀስ ብላችሁ አስተኟት። ከወረወራችኋት ትሰምጣለች። በቀስታ ካስተኛችኋት ብረት ሆና ሳለ ውሃው ላይ ትቀመጣለች። ውሃ ከላዩ ቀጭን ቆዳ የመሰለ ነገር አለው፤ ትንሽ ነገር ቅባት ከነካው ያንን ቆዳ ሳይበሳ ላዩ ላይ ይሄዳል። ይህ ሁሉ እየሆነ ምንም ድምፅ የለም። ምንም የሚጎድል አይመስልም። የከበደው ነገር ከእጃችሁ ሲወጣ አይሰማችሁም።

አንጓች እንዶዱን ቆንጥራ ነሰነሰችበት። ቀለሙ ተበተነ፤ የቀሩት ቢጫ ነጥቦች አንድ በአንድ ወደ ታች ወርደው ጥቁሩ አሸዋ ላይ አረፉ።

አራት ወር የጓጓለትን አየ። ከራሱ ሳህን፣ ከራሱ አሸዋ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም። ነገ ዋርካው ሥር ማን እንደሚከሰስ ትዝ ብሎታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ሁለት ጊዜ መጣሁ እኮ» አለች። «የመጀመሪያው ቀን ገና ‹ቲቸር፣ ሳህንዎ› ከማለቴ ስለ ሳህኑ ዝንባሌ ግማሽ ሰዓት አስተማሩኝ። ሌላ ቀን ‹ቅባቱ› ብዬ ስጀምር ‹አዎ፣ እንዳይዝግ ነው፤ አንቺም ብረት ስትገዢ ትቀቢዋለሽ› አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? የለቀቁትን አነሳሁ። ቤቴ ያፈስ ነበር፤ በሱ ቆርቆሮ አለበስኩት። መልሺ ካሉኝ ይምጡና ጣሪያዬን ይንቀሉ።»

አልነቀለም። ያንን ያህል አላበደም።

ቅዳሜ ዋርካው ሥር ሰው ሞላ። አንጓች ከሁለት ልጆቿ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አያ ፈንታሁን ተነሱና፣ «ያየ ይናገር» አሉ።

መምህሩ ሳህኑን ይዞ ወደ መሐል ወጣ። «አንጓች ታውቃለች ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ሰው አጉረመረመ፤ አንዳንዱ «ሰማችሁ?» እየተባባለ። «አዎ፣ ታውቃለች። የምታውቀው የኔ ሳህን ቆሻሻ መሆኑን ነው። ወርቁን ሳገኝ የምለቀው እኔው ነኝ። ዱቄቱ እንዶድ ነው። አስማት ካላችሁት እናቶቻችሁ በሙሉ አስማተኞች ነበሩ።» ከዚያም ውሃ አስመጥቶ አሳያቸው፤ በየተራ ጎንበስ እያሉ አዩ።

አያ ፈንታሁን ግን አልሳቁም። «ቲቸር» አሉት፣ «ወፍጮ ቤት ምን ማለትህ ነው ተብለህ ስትጠየቅ ለምን ዝም አልክ?»

መምህሩ፣ «አለማወቄን መናገር አፍሬ ነው» አለ። «አንዲት ያልተማረች ሴት ከእኔ የበለጠ ታውቃለች ማለት ከበደኝ። አስማት ነው ቢሉልኝ ቀለለኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ለመመለስ ያደክማል። ቢሆንም በወጣበት ይግባ» ብለው ፈረዱ። «ሐሙስ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ወፍጮ ቤት፣ ሰው ሞልቶ ሳለ ትናገራለህ። ገበቴዋንም ከጥሩ ዋንዛ አስፈልፍለህ ትሰጣታለህ።»

ሐሙስ ሄደ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ባለወፍጮውን፣ «እባክህ ለአፍታ አጥፋልኝ» አለው። ወፍጮው ቆመ። የወፍጮ ጩኸት በድንገት ሲቆም ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ሰው ሁሉ ዞረ። መምህሩ እዚያ መሐል፣ ዱቄት እየቦነነበት፣ ዋርካው ሥር ያለውን እንዳለ ደገመው፤ የትከሻውንም ነገር ሳይቀር ተናገረ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ወፍጮው ተነሳ፣ ሰውም እህሉን ማስፈጨት ቀጠለ።

አንጓች ከወንዙ አልተነሳችም። ግን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ያቺ ላሟ የነጠፈችባት ሴት አንጓችን ስታይ እስከ ዛሬ መንገድ ታቋርጣለች። የመጀመሪያውን ወሬ ሰምቶ ሁለተኛውን ያልሰማ ብዙ ሰው አለ። እሱን የሚያጥብ እንዶድ አልተገኘም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ያ ዘይት ምን ነበር? ቆሻሻ ነበር? ስንፍና ነበር? አይደለም! ሰውየው ሳህኑን ስለወደደ ነው የቀባው። ባይወደው ኖሮ ይዝግ ነበር፤ ቢዝግ ደግሞ ወርቁ ይቀርለት ነበር። ይህ ነገር ስንት ቀን እንቅልፍ እንደነሳኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሰው በጥላቻው ብቻ የሚጎዳ ይመስለኝ ነበር።

አንተ አባት፣ የምትቀባው ክብርህን ነው። ልጅህ ፊትህ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ደስ ይልሃል። የልቡን የነገረህ መቼ ነው? አንቺ እህቴ፣ ቤትሽ እንዳይቆሽሽ ትጠብቂያለሽ፤ እንግዳ ከመጣ ስንት ጊዜ ሆነው? እናንተ መዘምራን፣ ስለ ልብሳችሁ ቀለም ሦስት ስብሰባ ተቀመጣችሁ፤ እኔ ራሴ ሰብሳቢ ነበርኩ! እኔስ? እኔ ስብከቴን እቀባለሁ። ባለፈው እሁድ ባለቤቴ «ነገሩ ጥሩ ነበር፣ ግን ረዘመብኝ» ብትለኝ ስለ ስብከት አሠራር ምሳ እስኪቀርብ ድረስ አስተማርኳት።

የገዛ ዘይታችሁን እናንተ አታዩትም። ከላይ ሆኖ አይታይም። የሚያየው ከእናንተ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ከእጃችሁ የሚወጣውን ውሃ የሚቀበል ሰው ነው። ሚስትህ ናት። ልጃችሁ ነው። ቤታችሁ የምትሠራው ልጅ ናት፣ በር የሚከፍትላችሁ ዘበኛ ነው፣ በመሥሪያ ቤት ወረቀታችሁን የምትጽፈው ናት። እነሱ የሚያውቁት ነገር አለ፤ ምን እንደሚያውቁ ሳትጠይቁ በክፉ አትተርጉሙት። «አኩርፋለች»፣ «ተለውጧል»፣ «ሰው መክሯት ነው» እያላችሁ የፈረዳችሁበትን ሰው እስቲ አሁን በልባችሁ ጥሩት።

ጠራችሁት? እንግዲያው ዛሬ ከዚህ ስትወጡ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ። ጸሎቱን በኋላ እናደርሳለን፤ እግዚአብሔር ይጠብቃችኋል። «እኔ ላይ የሚታይህ፣ እኔ የማላየው ምንድን ነው?» በሉት። ከዚያ መልስ ሲጀምር አፋችሁ «እሱማ እኮ…» ሊል ይነሳል። ያዙት። እስኪጨርስ ያዙት።

«የሚለኝ ነገር ቢኖረው መጥቶ ይነግረኝ ነበር» ትሉ ይሆናል። መጥቶ ነበር። ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አስተምራችሁ መለሳችሁት። ሰው ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ወገኖቼ። ሦስተኛው የእናንተ ተራ ነው።